ቡፌ ውስጥ ያኖርነው ኮምፒውተር

ባለፈው ቅዳሜ ቦንቱ የልጇን የሠርግ ጥሪ ይዛልኝ መጣች። የዘንድሮ ሰው ካርዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክና «ደረሰዎት?» ብሎ ይገላገላል። ቦንቱ ግን የድሮ ጎረቤቴ የአዴ ሎሚ ልጅ ናት፤ ከአርሲ ነገሌ ድረስ ተሳፍራ፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዛ፣ በዚያ ፀሐይ በሬን አንኳኩታ ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «እትዬ የሺ፣ ሲምቦን ልድራት ነው። የአባባን ምርቃት እናሰማለን፤ እርስዎ ከቤተሰብ ጋር ከፊት ነው የሚቀመጡት» አለችኝ። ሲምቦ የምትላት በአራስነቷ ያቀፍኳት፣ አዲስ ነጠላዬ ላይ የሸናችብኝ ልጅ ናት። እሷም ተምራ ጨርሳ ባል አገኘች። ቦንቱ ውሃዋን ጠጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰብስባ ስለ አዳራሹና ስለ ቬሎው ስታወራልኝ ግማሹን አልሰማኋትም። «የአባባን ምርቃት» ካለችበት ጊዜ ጀምሮ አፍንጫዬ ላይ አንድ ሽታ መጥቶ ቁጭ ብሎ ነበር፤ የጋለ አቧራ፣ የጋለ ፕላስቲክና የቫርኒሽ ሽታ። ለዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ይሸታል ብትሏቸው ይስቁባችኋል። የኛ ግን ይሸት ነበር።

ያኔ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ስሟ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል ይመለሳል፤ እኔ አሁንም ሳላስበው ናዝሬት እላለሁ፣ ልጆቹ ያርሙኛል፣ ታርሜ ሳልጨርስ መልሼ ናዝሬት እላለሁ። የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ የሚባለው ነገር ሳይመጣ ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈር በሳንቲም በጋሪ እንሄድ ነበር፤ ባለ ጋሪው ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ሰላም እየተባባለ፣ አንዱን በኦሮምኛ እየመረቀ ሌላውን በአማርኛ እየሰደበ፣ ፈረሱም የፈለገበት ቦታ እየቆመ። ማንም «ቶሎ በል» አይለውም። ፖስታ ቤቱ አካባቢ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ሙዚቃ ቤቶች ነበሩ፤ አንደኛው ቀኑን ሙሉ የትዝታ ዘፈን ይለቃል፣ ሌላው የኦሮምኛ ጭፈራ፤ በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው እግሩን በየትኛው እንደሚያነሳ ይቸገር ነበር። ልጃገረዶቹ በዚያ በተቆፋፈረ አስፋልት ላይ ሳቦ ጫማ አድርገው እየተንገዳገዱ ይሄዳሉ፣ ጎረምሶቹ ሱሪያቸው መሬት ይጠርጋል። ማኪያቶ ከፍለን ጠጥተን ለጋሪ የሚተርፍ ገንዘብ ነበረን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሳል። የናዝሬትን ነፋስ የማያውቅ ሰው አቧራ አውቃለሁ ባይል ይሻላል፤ ከጥርስህ መሃል፣ ከአንሶላህ ውስጥ፣ ከተከደነ ድስት ውስጥ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የናዝሬት ሴት ዕቃዋን ትሸፍናለች። እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ለቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ለሬዲዮኑ ዳንቴል፣ ለቴርሞሱ ዳንቴል፣ ለሶፋው ክንድ ዳንቴል ሠርቼ ጨርሼ ሌላ የሚሸፈን ነገር በዓይኔ የምፈልግበት ጊዜ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ባለቤቴ ጌታቸው ዕቁብ የወጣለት። ጌታቸው ፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሱሪውን እስከ እምብርቱ ስቦ፣ የደረት ኪሱ ውስጥ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቶ የሚሄድ፣ በየመንገዱ «ቲቸር» የሚባል ሰው። ዕቁቡ ሲደርሰው ፍሪጅ ይገዛል ብዬ ቦታውን ጠርጌ ጠበቅሁ። እሱ አዲስ አበባ ወጥቶ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። በዚያ ሙቀት እየኖረ ከፍሪጅ ኮምፒውተር ያስቀደመ ሰው በናዝሬት ጌታቸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በአውቶብሱ ለብቻው የወንበር ሂሳብ ከፍሎለት እንኳ፣ መንገዱን ሙሉ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው የመጣው። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለ ሊያየው ሲመጣ ኩርፊያዬን ረሳሁና ክር ገዛሁ።

ቡፌ የሚባለውን ዕቃ የዛሬ ሰው ከቤቱ እያወጣ ይሸጠዋል። ያኔ ግን ቡፌ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። የኛ የዋንዛ እንጨት ነበር፤ ላይኛው ክፍል መስታወት፣ ታችኛው ባለ መዝጊያና ባለ ቁልፍ፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ። የከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ታዲያ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የከበረው ነገር ሲመጣ ሌላ የት ይቀመጣል? ስክሪኑን ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ መስታወቱ ፊት አኖርነው። ሞተሩን፣ ያንን ሳጥኑን ማለቴ ነው፣ ታችኛው ክፍል አስገብተን በሩን ዘጋንበት። አናጢ ጠርተን ለገመዱ ማውጫ ከኋላ ቀዳዳ አስበሳን። እኔ ባለ ጽጌረዳ ዳንቴል ሠርቼ ሳጥኑን ከአናቱ እስከ ታች አለበስኩት፤ ከሥሩም ገበር አደረግሁለት፤ አቧራ እንኳን ሊገባ ሊያየውም አይችልም። ጌታቸው አይቶ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ፊዚክስ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ደብዳቤ ሲጽፍበት፣ የፈተና ጥያቄ ሲያዘጋጅበት ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። በኋላ ግን ጌታቸው ቪዲዮ የሚቀበል ካርድ አስገጠመበትና የሠርግና የክርስትና ካሴቶችን ወደ ሲዲ መገልበጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በዴክ፣ በቪዲዮ ማጫወቻው የሚያየውን ካሴት ወደ ሲዲ የሚያስለውጥበት ዘመን ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ቪዲዮው እየገባ ሳለ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ነጭ እንግሊዝኛ ይደረድራል፤ ከዚያ ቀጥ። የገባው ሁሉ ይጠፋል። ጌታቸው እንግሊዝኛውን ጮክ ብሎ ያነባል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል። ሲያበራው ደግሞ ከመጀመሪያው ቶሎ ይዘጋል። የሌላ ሰው ካሴት ቢሆን ደግሞ ይሞክራል፤ የአዴ ሎሚ ካሴት ግን ደግሞ የሚሞከር አልነበረም።

አዴ ሎሚ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ነበረች፤ ከአርሲ ነገሌ እህል እያስመጣች የምትሸጥ፣ ትልቅ፣ ሳቂታ፣ አማርኛዋን ኦሮምኛ እየጣለችበት የምታወራ ሴት። ባሏ ኦቦ ቱሳ ነገሌ ያለውን መሬት እያረሰ ይመላለስ ነበር። ትልቋን ልጃቸውን ጫልቱን ሲድሩ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አባት ቆሞ መረቀ፤ ቪዲዮ አንሺም ቀረጸው። ዓመት ሳይሞላ ኦቦ ቱሳ ታሞ አረፈ። ከዚያ ለታናሿ ለቦንቱ ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ቦንቱ ያኔ ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ሹሩባዋን እየነካካች መሬት መሬት የምታይ። የሠርጉ ነገር ሲነሳ ግን እንዲህ አለች፦ «አጎቶቼ ይመርቁኝ። የአባባን ድምፅ ሳልሰማ ግን ከዚህ ቤት አልወጣም።» በካሴቱ የተመረቀችው ጫልቱ ናት ብንላት «አባት የሚመርቀው ልጆቹን ነው» ብላ ዘጋችን። አዴ ሎሚ አልተከራከረቻትም። እሷም መስማት ትፈልግ ነበር።

ችግሩ ካሴቱ ነበር። ጫልቱ ቤት ዴኩ በልቶት፣ ተጨማዶ፣ ተበጥሶ፣ በስኮች ፕላስተር ተጣብቆ ነው የመጣው። ጌታቸው መብራት ላይ ይዞ አየውና «ይቻላል፤ ግን ካሴቱ ደክሟል» አለ። ወደፊት ማሮጥ አይቻልም፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ ማጫወት ነው፤ ምርቃቱ ደግሞ ከመሃሉ አለፍ ብሎ ነው ያለው። በመጀመሪያው ቀን ሙሽሮቹ ሳይለብሱ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆነ። በሁለተኛው ዘመዱ እየጨፈረ ሳለ ሆነ። አንዴ እዚያው አቁመን ኮምፒውተሩ ሲነሳ እንቀጥላለን ብንል ዴኩ ሲቆም ካሴቱን ሊጠቀልለው ደረሰ፤ ጌታቸው ላብ አጥልቆት በቅንድብ መንቀያዬ ጎትቶ አዳነው። ከዚያ በኋላ ማለ፤ ከተጀመረ መሃል ላይ ማቆም የለም። በተጫወተ ቁጥር ደግሞ ምስሉ በረዶ እየዘነበበት፣ ድምፁ እየሸሸ ሄደ። ኦቦ ቱሳን ገና ሳንደርስበት እያጠፋነው ነበር።

ከፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር የሚሠራ አንድ ሰው ጠራን። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ለማናቸውም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ስለሆነ «ፎርማት» ነበር የሚባለው። ፎርማት መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ «ቫይረስ ነው» አለ፣ ፎርማት አደረገው። የጌታቸው የፈተና ጥያቄዎች በሙሉ ሄዱ፤ ተማሪዎቹ ሰምተው ሳይደሰቱ አልቀሩም። ኮምፒውተሩ ግን በማግሥቱ ያንኑ ሰማያዊውን አሳየን። ፎርማት ሁለተኛ መጥቶ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ቁራጭ አወጣና እግሩን በላጲስ ፈገፈገው፤ የልጅ ደብተር የሚታረምበት ላጲስ። ለሁለት ቀን የተሻለው መስሎን ነበር። ከዚያ ጌታቸው ራሱ አንድ ነገር አስተዋለ። «የሺ፣ ጠዋት ይሻለዋል፣ ከሰዓት ይብስበታል» አለኝ። ልክ ነበር፤ ግን ተሳስቶ ተረጎመው። ከሰዓት ሕዝቡ መብራት ስለሚያበዛ ኃይሉ ይወርዳል ብሎ ስታቢላይዘር ገዛ። ስታቢላይዘሩ ቀኑን ሙሉ ይንዘረዘራል፤ እሱንም ቡፌው ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጎን አስገባነው። ለእሱም ትንሽ ዳንቴል ሠራሁለት።

አዴ ሎሚ አንድ ቀን ጤና አዳም ይዛ መጣች። እንደ ኦሮምኛዋ ጠርታኝ «ያ የሺ፣ ዓይን ነው። ሰው አይቶባችኋል። ከተማው ሙሉ መጥቶ አየው፤ እንዴት ደህና ይሆናል?» አለችኝና ቅጠሉን ዳንቴሉ ሥር ወሸቀችው። ጌታቸው ሲያይ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም። ያን ሰሞን ጌታቸው የሚቆጣበት አቅም አልነበረውም። ምግብ አይበላም፣ ሲናገሩት አይሰማም። ሠርጉ ቀረበ። አንድ ከሰዓት አዴ ሎሚን በረንዳው ላይ አስቀምጦ እውነቱን ነገራት። «አዴ ሎሚ፣ ካሴቱ ከእንግዲህ አንዴ ቢጫወት ነው። ሁለተኛ የሚችል አይመስለኝም። ከምናጠፋው እንዲሁ ይቀመጥ?» አላት። አዴ ሎሚ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ቲቸር፣ ተቀምጦ ምን ያደርግልኛል? የማይሰማ ከሆነ እሱ ድሮም ተቀምጧል፣ ነገሌ» አለችው። ነገሌ የተቀበረበት ነው። ከዚያ ተነስታ ወደ እህሏ ሄደች። ቦንቱ አጥሩ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር፤ ልብስ ልታሰጣ ይዛው የነበረውን ሳፋ ይዛ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ከሰዓቱን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ነበር፤ ጌታቸው በማይረባ ካሴት እየሞከረው። ሻማ የማስቀምጠው ቡፌው ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ ነበር። በሩን ከፍቼ እጄን ስሰድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ሻማዎቹ ጎብጠዋል። አንዱ ከአንዱ ተጣብቀው፣ ከነወረቀታቸው እንደ ሙዝ ታጥፈዋል። አንዱን ነቅዬ ይዤ ወጣሁና «ጌታቸው፣ ይሄን እይ፤ ሻማ እንኳን አያምርብንም» አልኩት። በክብሪት ብርሃን አየው። ክብሪቱ ጣቱን እስኪለበልበው ድረስ አየው። ሌላ ለኮሰ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ጀመረ። ጌታቸው እንደዚያ ሲስቅ በትዳራችን ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ነው ያየሁት። «ሃያ ዓመት ሙቀት ምን እንደሆነ አስተምሬያለሁ» ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። «ሃያ ዓመት! ሙቀት መውጫ ይፈልጋል እያልኩ! እኛ ብርድ ልብስ አልብሰን ቡፌ ውስጥ ቆልፈንበት!» እኔም ሳቅሁ፤ ዳንቴሉ ግን ስንት ሌሊት የፈጀብኝ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። አቧራ እንዳይነካው፣ ሰው እንዳይነካው፣ ክብሩ እንዳይጓደል ነበር። ዛሬም ሰው ስልኩን እንደዚያው በሦስት ሽፋን ሲጠቀልል ሳይ ያቺ ሻማ ትዝ ትለኛለች።

በማግሥቱ ማለዳ፣ መብራት መጥቶ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ናዝሬት ቀዝቀዝ በሚልባት በዚያች በአጭሯ ሰዓት ሥራ ጀመርን። ሳጥኑን ከቡፌው አውጥተን በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አኖርነው፤ ጌታቸው የጎኑን ቆርቆሮ ፈትቶ ሆዱን ከፈተውና ቬንቲሌተሩን ፊት ለፊት አስነሳበት። ቴሌቪዥኑና ዴኩ ቡፌው ላይ ቀሩ። ያኔ ሌላ ጣጣ መጣ፤ የምስሉ ገመድ ይደርሳል፣ የድምፁ አይደርስም። ገመድ እስኪገዛ ፀሐዩ ይወጣል። ጌታቸው ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣችውን ትንሽ ማይክሮፎን አነሳና ቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ፊት በእጁ ይዞ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አዴ ሎሚ፣ ቦንቱና እኔ ከኋላው ሶፋው ላይ ተደርድረናል። «እንግዲህ የምንሰማው ሁሉ ይገባል። ማንም እንዳያስነጥስ፣ ማንም እንዳይተነፍስ» ብሎ አስጠነቀቀን፤ በተለይ እኔን አየኝ። ካሴቱን አስገባ።

ሙሽሮቹ ለበሱ። አለፍን። ዘመዱ ጨፈረ። አለፍን። ስኮቹ ጋ ሲደርስ ምስሉ ተገለባበጠ፣ ነጭ መስመር ወጣበት፣ ቦንቱ እጄን ጨመቀችኝ፤ አለፈ። ኮምፒውተሩ ይሠራል። ከዚያ ኦቦ ቱሳ መጣ። በዚያ በረዶ በሚዘንብበት ምስል ውስጥ በትሩን ይዞ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጫልቱ ፊቱ ተንበርክካ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ሆራ ቡላ» አለ፤ ውለዱ ክበሩ እንደምንለው ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው ሠርገኛ ከሩቅ «ሃ ተኡ» ሲል ተሰማ፤ እንዲሁ ይሁን ማለት ነው። አዴ ሎሚም ከጎኔ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሃ ተኡ» አለች። ጌታቸው ደንግጦ ዞር አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እሷ አላየችውም፤ የምታየው ባሏን ነው። ኦቦ ቱሳ ቀጠለ፤ ሰላም ይግባላችሁ፣ ሰላም ይውጣላችሁ አለ፤ እኔ የገባኝን ያህል ነው የምላችሁ። አዴ ሎሚ «ሃ ተኡ» አለች። ቦንቱም አብራት አለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሶፋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ተንበርክካ። አዴ ሎሚ ዞራ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ «ያ የሺ፣ ምርቃት ተቀባይ ካጣ መሬት ይወድቃል፤ በይ እንጂ» አለችኝ፣ እዚያው፣ ማይክሮፎኑ እያዳመጠ። እኔም አልኩ። ጌታቸው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ነበርና ፊቱን አላየሁትም። ምርቃቱ እስኪያልቅ ሁላችንም እየተቀበልን ጨረስነው። ካሴቱ ጥቂት ሄዶ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ስትገባ ዴኩ ውስጥ ተበጠሰ። ኮምፒውተሩ ግን አልተዘጋም።

በቦንቱ ሠርግ ዕለት አዴ ሎሚ ግቢ ውስጥ፣ ድንኳኑ ፊት ቴሌቪዥኑ ወንበር ላይ ወጥቶ ምርቃቱ ተሰማ። ቦንቱ በቬሎዋ ተንበርክካ ሰማች፤ ከዚያ ተነስታ ከቤት ወጣች። ሙሽሮቹን አጅበን ላንጋኖ ድረስ ሄድን፣ ፎቶ ተነሳን፤ ጌታቸው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሐይቁ ዳር ቆሞ ያለበት ፎቶ አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እርቃኑን ወለል ላይ ሠራ። ሰው ሁሉ ሲዲውንም ትቶ ወደ ስልክ ሄደ። ጋሪዎቹ ከዋናው መንገድ ጠፉ። ሙዚቃ ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ሕንፃ ተሠርቶበት ታችኛው ፎቅ ስልክ ይሸጥበታል። አዴ ሎሚ ሞተች፤ ነገሌ ወስደን ከባሏ ጎን ቀበርናት። ጌታቸውም ሄደ። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ፀጥ ብሏል፤ ከፀጥታው ጋር መኖር ይቻላል፤ የከበደኝ ድምፁ እየጠፋብኝ መምጣቱ ነው። ፎቶው ሞልቷል። የከተማውን ሕዝብ ድምፅ ከካሴት ወደ ሲዲ ሲገለብጥ የኖረ ሰው የራሱን ግን አላስቀረም። እኔም አላሰብኩበትም። በሕይወት ያለ ባልን ድምፅ ማን ብሎ ያስቀምጣል?

ለቦንቱ ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። እሷው ናት ስልኳን አውጥታ «እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነው የመጣሁት» ያለችኝ። የሲምቦን የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ምርቃቱን ሲሰሙ ድምፁ ቆሻሻ አለበት፣ በአዳራሽ ስፒከር አያምርም ብለው አጽድተው ላኩላት። «ሲምቦ ወዳዋለች። እኔ ጆሮዬ አልቀበል አለኝ» አለችና አሰማችኝ። እውነትም ጽዱ ነው። ኦቦ ቱሳ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። «ሆራ ቡላ» ይላል። ከዚያ ምንም የለም። ይመርቃል፣ ከዚያ ምንም የለም። ሠርገኛው የለም፣ አዴ ሎሚ የለችም፤ ሽማግሌው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ቆሞ የሚመርቅ ይመስላል። «የድሮውንስ?» አልኳት። ከፈተችልኝ።

መጀመሪያ የተሰማው ቬንቲሌተሩ ነው፤ ያ የሚንገጫገጭ፣ አንድ ክንፉ የተጣመመው የኛው ቬንቲሌተር። ከዚያ ከሩቅ ኦቦ ቱሳ። ከዚያ አዴ ሎሚ፤ ቦንቱ ዓይኗን ጨፍና «እማዬ» አለች በቀስታ። ከዚያ የኔው ድምፅ፣ የማላውቀው የወጣት ሴት ድምፅ። ከዚያ ከሁላችን ዘግይቶ፣ ከሁላችን ቀርቦ፣ ማይክሮፎኑ አፉ ሥር ስለነበረ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ፣ አንድ ወንድ ድምፁ እየተቆራረጠ «ሃ ተኡ» አለ። ኦቦ ቱሳ ደገመ። እኛ ተቀበልን። ያ ወንድ፣ ኦሮምኛው ሽንኩርት ከመግዛት የማያልፈው፣ ሌላው ሰው እስኪል ጠብቆ ደግሞ «ሃ ተኡ» አለ። ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጦ ሳለ ያለቅስ ኖሯል። አብሬው ስንት ዓመት ስኖር አላወቅሁም። ሲዲውን በሠርጉ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ከዚያም በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ ያኔ ጌታቸው አጠገቤ ስለነበረ ድምፁን አልሰማሁትም። ናፍቆኛል፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ ናፍቆኛል። ቦንቱ አልቅሼ እስክጨርስ ድረስ እጄን ይዛ ጠበቀችኝ። ሦስቴ አስደገምኳት።

«ታዲያ የቱን ላሰማ?» አለችኝ ኋላ፣ መልሱን እያወቀች።

«ያንን ጽዱውን አጥፊው።»

«ሲምቦ ቬንቲሌተሩ ይጮሃል ትላለች እኮ።»

«ይጩህ» አልኳት።